ብዙ የግብዓት መስመሮችን በአንድ ትሬድ መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ ፈትል ነው። መልሶቹ ለሊኑክስ የተጻፉ ናቸው፤ ምሳሌያችን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሊኑክስ ሣጥን ስትሆን፣ አራት መስመሮች ይገቡባታል፦ በሲሪያል ገመድ የተገናኘ የጭነት መኪና ሚዛን፣ የመዛኙ ኪቦርድ፣ ደሴ ካለው ቢሮ ጋር የሚያገናኝ የኔትወርክ ሶኬት፣ እና መብራት መኖር አለመኖሩን የሚነግር ፒን።

ፋይል ዲስክሪፕተር ምንድን ነው?

ፕሮግራም ፋይል፣ ሲሪያል ፖርት፣ ሶኬት ወይም ፓይፕ (ዳታ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያልፍበት ቧንቧ) ሲከፍት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚመልስለት ትንሽ ቁጥር ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም) በያዘው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። 0 መደበኛ ግብዓት፣ 1 መደበኛ ውጤት፣ 2 የስህተት መውጫ ስለሆኑ፣ ፕሮግራምዎ መጀመሪያ የሚከፍተው ነገር አብዛኛውን ጊዜ 3ን ያገኛል። ከርነሉ የሚሰጠው ሁልጊዜ ካልተያዙት ቁጥሮች ትንሹን ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ቁጥሩ ወዲያው ለሌላ ይሰጣል። ይህን ልብ ይበሉ፤ የመጨረሻው ጥያቄ መነሻው ይኸው ነው።

ሚዛኑም፣ ሶኬቱም፣ ኪቦርዱም፣ ፒኑም በአንድ ዓይነት ቁጥር በመወከላቸው ከርነሉን «ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱ የሚነበብ ነገር ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ማለት ይቻላል። ሙሉ ዘዴው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሪድን በየተራ ብጠራ ለምን አይበቃም?

ሪድ፣ ከዲስክሪፕተር ዳታ የሚያነበው ጥሪ፣ የሚነበብ ነገር ካላገኘ እስኪመጣ ድረስ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ሚዛኑ ላይ መኪና ከሌለና ሚዛኑ ዝም ካለ፣ ፕሮግራሙ እዚያው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ደሴ ያለው ቢሮ ትእዛዝ ቢልክም፣ መዛኙ ቁልፍ ቢጫንም የሚሰማው የለም።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ሁሉንም ኖን-ብሎኪንግ (የሚነበብ ባይኖርም ሳይቆም ወዲያው የሚመለስ) አድርጎ በየ10 ሚሊሰከንዱ እየዞሩ መጠየቅ ነው። ይሠራል፤ ግን ምንም በሌለበት ሰዓትም ሲፒዩውን በሰከንድ 100 ጊዜ ይቀሰቅሳል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ለምትሠራ ሣጥን ይህ የባትሪ ዕድሜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሕግ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ የሚጠብቅበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ እዚያም ሁሉንም መስመሮች በአንድ ላይ ይጠብቅ።

ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ትሬድ ብከፍት ምን ችግር አለው?

ለአራት መስመር ከሆነ በማስታወሻ ፍጆታ በኩል ችግር የለውም። በሊኑክስ ላይ ለአንድ ትሬድ በተለምዶ 8 ሜጋባይት ስታክ ይያዛል ቢባልም፣ ፕሮግራሙ በትክክል እስኪነካው ድረስ እውነተኛ ራም አይወስድም።

ችግሩ ሌላ ነው። የመኪናው ክብደት በአንድ ትሬድ፣ የታርጋው ቁጥር በሌላ ትሬድ ሲገባ ሁለቱን የሚያገናኘው መዝገብ ቁልፍ (ሁለት ትሬዶች በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት የሚያግድ መቆለፊያ) ይፈልጋል፤ ቁልፉ የተረሳበት ቀን የአንዱ ሲኖትራክ ክብደት በሌላው ታርጋ ይመዘገባል። እንዲህ ያለ ስህተት በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ በመኸር ወቅት፣ መኪኖች ሲሰለፉ ነው የሚወጣው። ደግሞም ሪድ ላይ የቆመን ትሬድ በሥርዓት ማስቆም አስቸጋሪ ነው። በአንድ ትሬድ ሲሠራ ግን ክስተቶቹ አንድ በአንድ ስለሚስተናገዱ ቁልፍ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ትሬድ ትክክለኛ ምርጫ የሚሆነው ሥራው ከባድ ስሌት ሲሆን ወይም የምንጠቀምበት ላይብረሪ ራሱ የሚያቆም ሲሆን ነው።

ሰሌክት፣ ፖል ወይስ ኢፖል? የቱን ልምረጥ?

ሦስቱም ብዙ መስመሮችን በአንድ ላይ የሚጠብቁ የከርነል ጥሪዎች ናቸው። ለአራት፣ ለአሥር፣ ለሃምሳ መስመር ፖልን ይጠቀሙ። የፋይል ዲስክሪፕተር ቁጥሩንና የሚፈልጉትን ክስተት የያዘ ሰንጠረዥ ይሰጡታል፤ የሆነውን በሌላ መስክ ጽፎ ስለሚመልስ ጥያቄዎ ሳይበላሽ ይቆያል። አንዱን መስመር ለጊዜው መተው ሲፈልጉ ቁጥሩን አሉታዊ ማድረግ ይበቃል፤ ፖል ይዘለዋል።

ሰሌክት እ.ኤ.አ. በ1983 ከ4.2ቢኤስዲ ጋር የመጣ ሲሆን ዛሬም በየትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው። አዲስ ሥራ ላይ ግን አይመከርም። በሊኑክስ መደበኛው ሲ ላይብረሪ የሚቀበለው ከ0 እስከ 1023 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነው፤ 1024ን ወይም ከዚያ በላይ ያለን ቁጥር ስብስቡ ውስጥ መክተት ከስብስቡ ውጭ ያለ ማስታወሻን ሊያበላሽ ይችላል። ስብስቦቹን በየጥሪው ስለሚለውጣቸው በየዙሩ እንደገና መሙላት ግድ ነው፤ የመጀመሪያው አርጉመንትም የመስመሮቹ ብዛት ሳይሆን ትልቁ ቁጥር ሲደመር 1 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ኢፖል ወደ ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 በ2.5.44 ከርነል ነው። መስመሮቹን አንድ ጊዜ ያስመዘግባሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝግጁ የሆኑት ብቻ ይነገሩዎታል። ጥቅሙ የሚታየው መስመሮቹ በሺህ ሲቆጠሩና አብዛኞቹ ዝም ሲሉ ነው። ፓይተን ላይ ከሆኑ ከ3.4 ጀምሮ ያለው ሰሌክተርስ ሞጁል የተሻለውን ራሱ ይመርጣል። ዊንዶውስ ላይ ሰሌክት የሚቀበለው ሶኬትን ብቻ ነው፤ ሲሪያል ፖርትና ኪቦርድ በዚህ መንገድ አይታዩም።

ሉፑ ደረጃ በደረጃ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ አራቱንም መስመሮች ይከፍታሉ፤ ሲሪያሉን፣ ሶኬቱንና ፒኑን ኖን-ብሎኪንግ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ በፈር (የተነበበው የሚጠራቀምበት ቦታ)፣ የመጨረሻ መልእክት የደረሰበት ሰዓትና ክስተት ሲመጣ የሚጠራ ፈንክሽን ይመድባሉ። ከዚያ ሉፑ፣ የሚደጋገመው ዙር፣ ይጀምራል፦ ቀጣዩ ቀጠሮ (በሰዓቱ መሠራት ያለበት ሥራ) ስንት ሚሊሰከንድ እንደቀረው ያሰሉ፤ ያንን ጊዜ ለፖል ሰጥተው ይጠብቁ፤ ሲመለስ ስህተትና መዘጋት የታየባቸውንም ጨምሮ ክስተት ያለባቸውን መስመሮች ሁሉ ያስተናግዱ፤ ጊዜያቸው የደረሰ ቀጠሮዎችን ይፈጽሙ፤ ይመለሱ።

የፖል ጊዜ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። −1 ማለት ያለገደብ ጠብቅ፣ 0 ማለት አትጠብቅ ማለት ነው። ከቀጠሮ ስሌት የሚመጣውን ቁጥር ሲያጠጋጉ ወደ ላይ ያጠጋጉ፤ 0.4 ሚሊሰከንድ ወደ 0 ከወረደ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ሉፑ በከንቱ ይሽከረከራል።

አንድ መስመር ዝግጁ ሲሆን በአንድ ዙር የሚነበበውን ይወስኑ፤ 4096 ባይት ጥሩ መጠን ነው። ቢሮው ትልቅ ፋይል መላክ ቢጀምር «እስኪያልቅ ላንብብ» የሚል ኮድ ሚዛኑን ያስረሳል።

ምንም ሥራ ሳይኖር ሲፒዩው ለምን 100 በመቶ ይሆናል?

ፖል ወዲያው እየተመለሰ ነው፣ ፕሮግራምዎ ደግሞ የተመለሰበትን ምክንያት አላስተናገደም ማለት ነው። በብዛት የሚገጥመው የተዘጋ ሶኬት ነው። ከደሴ በኩል ግንኙነቱ በሥርዓት ሲዘጋ ሶኬቱ «የሚነበብ አለው» ይባላል፤ ሪድ 0 ይመልሳል። 0 ማለት ባዶ መልእክት ሳይሆን «ከዚህ በኋላ የሚመጣ የለም» ማለት ነው። ሶኬቱ ካልተዘጋና ከዝርዝሩ ካልወጣ ፖል በየዙሩ ያንኑ ይደግማል።

ሁለተኛው ምክንያት «መጻፍ ይቻላል» የሚለውን ክስተት ሁልጊዜ መጠየቅ ነው። ጤነኛ ሶኬት በአብዛኛው ጊዜ መጻፍ ይቻልበታል፤ ስለዚህ ፖል ፈጽሞ አይተኛም። ይህን ክስተት የሚጠይቁት ያልተላከ ዳታ በእጅዎ ሲቀር ብቻ ነው፤ ልከው ሲጨርሱ ያንሡት። ሦስተኛው፣ ስህተትና መዘጋት ሳይጠየቁም የሚመጡ መሆናቸውን መዘንጋት ነው፤ «የሚነበብ አለ» የሚለውን ብቻ የሚያይ ኮድ ሲያልፋቸው ይኖራል። በሰሌክት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሊኑክስ የጊዜ ገደቡን በቀረው ጊዜ ይተካዋል፤ በየዙሩ እንደገና ካልሞሉት 0 ይሆናል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስትሬስን (ፕሮግራም ወደ ከርነሉ የሚያደርጋቸውን ጥሪዎች የሚያሳይ መሣሪያ) ከሚሠራው ፕሮሰስ ጋር ያያይዙ። የትኛው ቁጥር፣ ከየትኛው ክስተት ጋር እየተደጋገመ እንደሚመለስ ከጥቂት መስመር ይታያል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ደግሞ ፕሮክ (/proc) ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ካለው የኤፍዲ ማህደር ያገኙታል።

የሚዛኑ ንባብ ለምን ተቆራርጦ ይመጣል?

ሲሪያል ፖርትም ሆነ ቲሲፒ ሶኬት የሚያቀብሉት የባይት ጅረት እንጂ መልእክት አይደለም። በ9600 ቦድ፣ 8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ቢት ሲሠራ አንድ ባይት 10 ቢት ይፈጃል፤ ይህ በሰከንድ 960 ባይት ነው። 16 ባይት ያለው የሚዛን መስመር ተጠናቅቆ ለመድረስ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ፖል ግን የመጀመሪያው ባይት እንደደረሰ ሊቀሰቅስዎት ይችላል።

ከባቲ እህል ጭኖ የመጣ መኪና 18460 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ሚዛኑ «018460» ብሎ የመስመር ማብቂያ ያስከትላል። የመጀመሪያው ሪድ «0184»ን፣ ቀጣዩ «60»ን ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ የመጣውን እንደ ሙሉ ቁጥር የወሰደ ኮድ 184 ኩንታል ከ60 ኪሎ መሆን የነበረበትን አንድ ኩንታል ከ84 ኪሎ አድርጎ ይመዘግባል። ቁጥሩ ቁጥር ስለሚመስል ማንም ስህተት አይልም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

መፍትሔው የተነበበውን ሁሉ በመስመሩ በፈር ጫፍ ላይ መጨመር፣ የመስመር ማብቂያ መኖሩን መፈለግ፣ ካለ እስከዚያ ያለውን ቆርጦ ማስተናገድ፣ የቀረውን ለቀጣዩ ዙር ማቆየት ነው። በአንድ ሪድ ሁለት መልእክትና የሦስተኛው ግማሽ ሊመጣም ይችላል፤ ስለዚህ ፍለጋው ማብቂያ እስኪጠፋ ይደገም። ለበፈሩ ጣሪያ ያብጁለት፦ 256 ባይት ያለ ማብቂያ ከተከማቸ የቦድ መጠኑ አልገጠመም ወይም ገመዱ ላይ ጫጫታ አለ ማለት ነው፤ ይጣሉትና ከቀጣዩ ማብቂያ ይጀምሩ። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚመጣውን የመጀመሪያ መስመርም ከመካከሉ የተያዘ ሊሆን ስለሚችል መጣል ይሻላል።

ሚዛኑ እየላከ ፖል ግን ለምን ዝም ይላል?

ሲሪያል ፖርት በሊኑክስ ዓይን ተርሚናል ነው፤ ሲከፈትም በአብዛኛው መስመር-በ-መስመር በሚሠራበት ሁነታ ላይ ይገኛል። በዚህ ሁነታ የመስመር ማብቂያ እስኪመጣ ድረስ የሚነበብ የለም ይባላል። መሣሪያዎ ማብቂያ የማይልክ ወይም በሌላ ምልክት የሚጨርስ ከሆነ መቼም አይነቃም። ወደ ጥሬ ሁነታ ይቀይሩት፤ ዝቅተኛውን የባይት ቁጥር፣ ቪሚን የሚባለውን፣ 1፤ የመጠበቂያ ጊዜውን፣ ቪታይምን፣ 0 ያድርጉ። ቪሚንን 10 አድርገው ቪታይምን 0 ከተዉት ፖልም 10 ባይት እስኪሞላ ይጠብቃል። ቪሚን 0 ሲሆን ደግሞ ሪድ ምንም ባይኖርም 0 ይመልሳል፤ ይህን እንደ መዘጋት የሚቆጥር ኮድ ጤነኛውን ሚዛን ይዘጋዋል።

ኤኮ የሚባለውንም ማጥፋት አይርሱ፤ ካልጠፋ ሚዛኑ የላከው ሁሉ ተመልሶ ለሚዛኑ ይላካል፣ አንዳንዱ ሚዛን ያንን እንደ ትእዛዝ ይወስደዋል። ፖርቱን ሲከፍቱም በኖን-ብሎኪንግ ይክፈቱ፤ አለበለዚያ የሞደም ምልክት እየጠበቀ መክፈቻው ላይ ሊቆም ይችላል።

ዩኤስቢ መቀየሪያ ከሆነ ገመዱ ተነቅሎ ሲመለስ በፖርቱ ስም መጨረሻ ያለው ቁጥር ከ0 ወደ 1 ሊቀየር ይችላል፤ የድሮውን ዲስክሪፕተር ስላልዘጉት ነው። የመዘጋት ክስተት ሲመጣ ወዲያው ይዝጉ፤ እንደገና ሲከፍቱም በመሣሪያው መለያ በተሰየመው ቋሚ አድራሻ ይክፈቱ።

ፖል «ዝግጁ ነው» ካለኝ ኖን-ብሎኪንግ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል?

ዝግጁነት መረጃ እንጂ ዋስትና ስላልሆነ ነው። ሊኑክስ ላይ የዩዲፒ ፓኬት ደርሶ ሶኬቱ ዝግጁ ከተባለ በኋላ፣ ሲነበብ ቼክሰሙ (የስህተት ማረጋገጫ ቁጥሩ) ተበላሽቶ ከተገኘ ፓኬቱ ይጣላል፤ ሪድ ባዶ እጁን ይቆማል። ኖን-ብሎኪንግ ከሆነ ግን «አሁን የለም፣ ቆይተህ ሞክር» የሚለው ኢአጌይን ይመጣል፤ እሱም ስህተት ሳይሆን ወደ ፖል የመመለሻ ምልክት ነው።

ኪቦርዱን ግን ይተዉት። የኖን-ብሎኪንግ ምልክት የሚቀመጠው በዲስክሪፕተር ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ከበስተጀርባው ባለው የተከፈተ ነገር ላይ ነው፤ ተርሚናል ላይ 0፣ 1 እና 2 ብዙውን ጊዜ አንድ ናቸው። 0ን ኖን-ብሎኪንግ ሲያደርጉ መደበኛ ውጤቱም አብሮ ይለወጣል፤ ረጅም ጽሑፍ ሲወጣ መካከሉ ይጠፋል። ለኪቦርድ ፖል ሲቀሰቅስዎ አንድ ጊዜ ብቻ ሪድ መጥራት ይበቃል።

በኤፍጌትስ ወይም በሪድላይን ሳነብ አንዳንድ መስመር ለምን ዘግይቶ ይመጣል?

እነዚህ መስመር አንባቢ ፈንክሽኖች የራሳቸው ድብቅ በፈር አላቸው። መዛኙ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ቢያስገባ (ከባርኮድ ማንበቢያ በፓይፕ ሲመጣ የተለመደ ነው) ኤፍጌትስ ሁለቱንም ከከርነሉ ወስዶ አንዱን ብቻ ይሰጥዎታል። ሁለተኛው በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከርነሉ ዘንድ ግን ምንም ስለሌለ ፖል ይተኛል። ሦስተኛ መስመር ሲመጣ ሁለተኛው ይወጣል፣ እንዲህ እያለ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ከፖል ጋር ቀጥታ ሪድን ብቻ ይጠቀሙ። በቲኤልኤስ የተመሰጠረ ሶኬትም ያው ነው፦ ላይብረሪው ፈትቶ ያስቀመጠው እንዳለ ሳይጠይቁ ወደ ፖል አይመለሱ።

ደሴ መብራት ሲጠፋ ግንኙነቱ ለምን እንደተከፈተ ይቀራል?

ቲሲፒ ላይ የመዘጋት ምልክት የሚልከው የወዲያኛው ማሽን ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ምልክቱን የሚልክ የለም፤ ኮምቦልቻ ያለችው ሣጥን የምታየው ዝምታን ብቻ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ጤነኛ ግንኙነትም አለው። ምንም የምትልከው ከሌለ ፖል መቼም አይነግራትም። ዳታ ከላከች ከርነሉ ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጠው በመደበኛ ቅንብሩ 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ «ተልኳል» ተብሎ በከርነል በፈር ውስጥ ይቆያል።

ዝም ያለ ግንኙነትን «አለህ ወይ» ብሎ የሚጠይቅ የከርነሉ ኪፕአላይቭ አለ፤ ግን ሳይበራ አይሠራም፣ ቢበራም የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያም በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። ይህ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ለሶኬቱ ለብቻው 60 ሰከንድ፣ 10 ሰከንድና 3 ጊዜ ብለው ቢያስተካክሉት ሞቱን በ90 ሰከንድ ያውቃሉ።

የሚታመነው ግን የራስዎ «አለሁ» መልእክት ነው፦ ሣጥኗ በየ30 ሰከንዱ ትልካለች፣ ቢሮው ይመልሳል፣ 90 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ሶኬቱ ይዘጋና እንደገና ይሞከራል። ኪፕአላይቭ የሚያረጋግጠው የወዲያኛው ከርነል መኖሩን ነው፤ የቢሮው ፕሮግራም ተንጠልጥሎ ቢቀር እንኳ ይመልሳል። የክብደት መዝገቡንም ቢሮው «ተቀብያለሁ» እስኪል ድረስ ከሣጥኗ አያጥፉ። ራይት (የመጻፊያው ጥሪ) ተሳካ ማለት ከርነሉ ተረከበ ማለት እንጂ ደሴ ደረሰ ማለት አይደለም።

ቀጠሮዎቼ ለምን አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ?

የግድግዳ ሰዓትን (ቀንና ሰዓት የሚነግረውን የማሽኑን ሰዓት) ስለተጠቀሙ ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ቦርዶች፣ ራስበሪ ፓይ እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ ጨምሮ፣ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በድሮ ሰዓት ይነሣሉ፤ ኔት ሲገኝ ሰዓቱ ወደ ፊት ይዘላል፣ ፕሮግራሙም ሁሉም ቀጠሮ ያለፈ ይመስለዋል። ለቀጠሮ ሞኖቶኒክ ሰዓትን (ቀኑ ቢስተካከልም የማይዘለውን)፣ ለመዝገብ ቀን ብቻ የግድግዳውን ሰዓት ይጠቀሙ።

ታይመርኤፍዲ የሚባለው ቀጠሮን ራሱን ፋይል ዲስክሪፕተር ያደርገዋል፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ፖል ይጠበቃል። ሲደርስ ግን 8 ባይቱን ማንበብ ግድ ነው፤ ካልተነበበ ዝግጁ እንደሆነ ይቀራል።

ፕሮግራሙን በሥርዓት ለማስቆም ሲግናልን እንዴት ላስገባ?

ሲግናል (ከርነሉ ለፕሮግራም የሚያደርሰው ማሳሰቢያ፣ ለምሳሌ «አቁም») ሲመጣ ፖል ተቋርጦ ኢኢንትር የሚባለውን ይመልሳል፤ ሲግናሉን ሲመዘግቡ «እንደገና ይጀመር» የሚለውን ቢያበሩም ፖል፣ ሰሌክትና ኢፖል አይቀጥሉም። ይህን እንደ ከባድ ስህተት ወስዶ የሚወጣ ኮድ ብዙ ነው፤ መመለስ ብቻ ይበቃል። «አቁም» የሚል ባንዲራ በሲግናል ተቀባዩ አንሥቶ ከፖል በፊት ማየትም ቀዳዳ አለው፦ ሲግናሉ ከማየቱ በኋላና ከፖል በፊት ከመጣ ፖል ምንም ሳያውቅ ይተኛል።

በሊኑክስ ንጹሑ መንገድ ሲግናሎቹን አግዶ ሲግናልኤፍዲ መክፈት ነው፤ ሲግናሉ እንደ አምስተኛ መስመር ይነበባል። ሌላ ፕሮግራም የሚያስጀምሩ ከሆነ እገዳው ስለሚወረስ ከማስጀመርዎ በፊት ያንሡት። በሁሉም ዩኒክስ እንዲሠራ ከፈለጉ ፓይፕ ይክፈቱ፣ ሁለቱንም ጫፍ ኖን-ብሎኪንግ ያድርጉ፣ ሲግናል ተቀባዩ አንድ ባይት ይጻፍበት። ሲስተምዲ (በሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስጀምርና የሚያስቆም ፕሮግራም) የማቆሚያ ሲግናል ልኮ በመደበኛው 90 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በግድ ይገድላል፤ መዝገብ ለማስቀመጥ ያለዎት ጊዜ ይኸው ነው።

ሁሉን በትክክል አድርጌ ሉፑ አንዳንዴ ለብዙ ሰከንድ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ከፖል ውጭ የሚጠብቅ ጥሪ አለ። ቀዳሚው ተጠርጣሪ የዶሜን ስም ፍለጋ ነው፦ ኔት በተቋረጠበት ሰዓት የቢሮውን ስም ወደ አይፒ የሚቀይረው ጥሪ ለብዙ ሰከንድ ሊቆም ይችላል፣ ሶኬቱን ኖን-ብሎኪንግ ማድረግ በእሱ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው ኮኔክት፣ ግንኙነት የሚከፍተው ጥሪ፣ ነው፤ ሶኬቱ ኖን-ብሎኪንግ ከሆነ «በሂደት ላይ» ብሎ ይመለሳል፣ መጻፍ ይቻላል የሚለው ክስተት ሲመጣ የሶኬቱን የስህተት ዋጋ ጠይቀው መሳካቱን ያረጋግጣሉ። ሦስተኛው ወደ ሜሞሪ ካርድ መጻፍ ነው። ርካሽ ካርድ ላይ ኤፍሲንክ (ዳታው በእርግጥ እስኪጻፍ የሚጠብቀው ጥሪ) ሲጠራ የሚወስደው ጊዜ አይታወቅም።

ለስም ፍለጋና ለካርድ ጽሑፍ አንድ ረዳት ትሬድ ይክፈቱ፤ ሲጨርስ በኢቨንትኤፍዲ (ለማሳወቂያ ብቻ በሚከፈት ዲስክሪፕተር) ላይ ይጻፍ፣ ዋናው ሉፕ እንደ ማንኛውም መስመር ያየዋል። ተራ ፋይልን በፖል ለመጠበቅ መሞከር አይጠቅምም፦ ፖልና ሰሌክት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው ይላሉ፣ ኢፖል ደግሞ ሲመዘገብ «አይፈቀድም» የሚል ስህተት ይመልሳል። ኢፖልን የሚጠቀም ፕሮግራም የኪቦርድ ግብዓት ከፋይል ሲሰጠው የሚወድቀው በዚህ ነው። ፋይል ላይ የተጨመረ ነገር ለመከታተል አይኖቲፋይን ይጠቀሙ።

ኢፖል ላይ ሌቭልና ኤጅ ምን ልዩነት አላቸው?

ሌቭል በሩን እስኪከፍቱለት የሚያንኳኳ እንግዳ ነው፤ ኤጅ አንዴ አንኳኩቶ ዝም የሚል። በሌቭል፣ መደበኛውም እሱ ነው፣ በሶኬቱ ውስጥ አንድ ባይት እንኳ ከቀረ በቀጣዩ ዙር እንደገና ይነገርዎታል። በኤጅ የሚነገርዎት አዲስ ነገር ሲመጣ ነው። 4096 ባይት አንብበው 200 ቢቀር፣ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ያ 200 ባይት ተኝቶ ይቀራል። ወዲያኛው ወገን መልስ እየጠበቀ ከሆነ ሁለቱም ለዘላለም ይጠባበቃሉ።

ስለዚህ በኤጅ ኢአጌይን እስኪመጣ ማንበብ ግዴታ ነው፤ ያ ደግሞ አንድ ፈጣን መስመር ሌሎቹን እንዲያስርብ ያደርጋል። ለጥቂት መስመሮች በኤጅ የሚገኝ ጥቅም የለም። በሌቭል ይቆዩ።

ዘግቼው ሳለ ኢፖል በተዘጋው መስመር ክስተት የሚያመጣው ለምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ የኢፖል ምዝገባ የተያያዘው በስተጀርባ ካለው የተከፈተ ነገር ጋር በመሆኑ ነው። ዲስክሪፕተሩ በዱፕ ተባዝቶ ወይም በፎርክ ለልጅ ፕሮሰስ ተላልፎ ከሆነ፣ የእርስዎን ቁጥር መዝጋት ምዝገባውን አያጠፋም። አሁን ቁጥሩ በእጅዎ ስለሌለ ማስወጣትም አይችሉም፤ ክስተቱ ሲመጣ ይኖራል። ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት ከኢፖል ያስወጡ፤ ሲከፍቱም ሌላ ፕሮግራም ሲጀመር በራሱ የሚዘጋበትን ምልክት ያብሩ።

ሁለተኛው ከቁጥሮቹ ዳግም ጥቅም ይመጣል። ኢፖል በአንድ ጥሪ ሁለት ክስተት መለሰ እንበል፦ በ7 ላይና በ9 ላይ። የ7ን ሲያስተናግዱ ቢሮው እንዲዘጋ ስላዘዘ 9ን ዘጉት፣ ወዲያው አዲስ ግንኙነት ከፈቱ፤ ትንሹ ነፃ ቁጥር 9 ከሆነ አዲሱ 9 ይሆናል። ቀጥሎ የሚያስተናግዱት የ9 ክስተት የአሮጌው ነው፤ ኮድዎ ግን አዲሱን ያገኘዋል። አሮጌው ተዘግቷል የሚል ክስተት ከሆነ ጤነኛውን አዲስ ግንኙነት ይዘጉታል።

መዝጋትን ወደ ዙሩ መጨረሻ ያሸጋግሩ፦ የሚዘጋውን «ይዘጋል» ብለው ምልክት ያድርጉበት፣ በዚያው ዙር የሚመጡበትን ክስተቶች ይዝለሉ፣ የተመለሱት ሁሉ ካለቁ በኋላ በአንድ ላይ ይዝጉ። ለእያንዳንዱ መስመር የሚመደበውን የማስታወሻ ቦታም ከዚያ በፊት አይልቀቁ።